ጆን ሐሪሰንና የባሕር ሰዓቱ

በወልድያ ወይም በመርሳና በሌላው የሀብሩ ወረዳ የምትኖሩ ተማሪዎች ጊዜን የምትለዩበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ገበሬው ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፤ የፀሐይን ከፍታና የጥላውን ማጠር አይቶ በሬ የሚፈታበት ሰዓት መድረሱን ያውቃል። ነጋዴው የእጅ ሰዓቱን ይመለከታል፤ ተማሪው የትምህርት ቤቱን ደወል ያዳምጣል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ የትኛውን ታምናላችሁ? የግድግዳው ሰዓትና የእጅ ሰዓታችሁ በአምስት ደቂቃ ቢለያዩ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት የብዙ ሺህ መርከበኞች ሕይወት በዚሁ ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ ነበር። መልሱን ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ሰው በትልቅ ትምህርት ቤት ያልተማረ አናጢ ነው፤ ስሙም ጆን ሐሪሰን ይባላል። ታሪኩን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ዛሬ በየቢሮው የሚገኘው ኮምፒዩተርና በየኪሱ ያለው ስልክ ሰዓታቸውን የሚመርጡበት ዘዴ ከዚህ ሰው ሥራ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ትረዳላችሁ። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሐሪሰን በ1693 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ግዛት፣ ፎልቢ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ በሐምበር ወንዝ አፍ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ባሮው መንደር ስለተዛወረ ያደገው እዚያ ነው። አባቱ አናጢ ነበርና ልጁም እንደ ዘመኑ ልማድ የአባቱን ሙያ ያዘ። ጆን ከፍተኛ ትምህርት አላገኘም፤ የማወቅ ጉጉቱ ግን ከፍ ያለ ነበር። አንድ የሃይማኖት አባት ስለ ተፈጥሮ ሕግ የተሰጠ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጻፈበትን ጥራዝ ባዋሱት ጊዜ ሥዕሎቹ እንኳ ሳይቀሩ ጥራዙን በእጁ ገለበጠው። ያን የመሰለ ድካም የሚደክም ሰው የሚያነበው ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

በ1713፣ ዕድሜው 20 ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ሠራ። የሚያውቀው ሙያ እንጨት መሥራት ስለ ነበር የሰዓቱን መዘውሮች ከነጥርሳቸው የሠራቸው ከእንጨት ነው። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ብሮክልስቢ በሚባል ቦታ በአንድ ባለርስት ግቢ ለሚገኝ ማማ ትልቅ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ። በዚያ ዘመን ሰዓቶችን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ዘይት ነበር። ዘይቱ በብርድ ይረጋል፤ በጊዜ ብዛት ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ሰዓቱ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቆማል። ሐሪሰን ግን ከሞቃት አገር የሚመጣ፣ ከራሱ ቅባት የሚያወጣ ጠንካራ እንጨት መርጦ ሰበቃ በሚበዛባቸው የሰዓቱ ክፍሎች ላይ አዋለው። በዚህም ምክንያት ሰዓቱ ምንም ዘይት አላስፈለገውም።

ከዚህ ቀጥሎ ሐሪሰን ከወንድሙ ከጄምስ ጋር ሆኖ ሌላ ችግር ያዘ። በዚያን ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ፔንዱለም፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ዘንግ ያለው ነበር። ዘንጉ ከብረት የተሠራ ከሆነ በሙቀት ይረዝማል፤ የረዘመ ዘንግ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። በመሆኑም ሰዓቱ በበጋ ይዘገያል፤ በብርድ ወራት ይፈጥናል። ወንድማማቾቹ ናስ ከአረብ ብረት ይበልጥ በሙቀት እንደሚረዝም ያውቁ ነበር። የናስና የአረብ ብረት ዘንጎችን በተራ አሰልፈው፣ አንደኛው ወደ ታች ሲረዝም ሌላው ያንኑ ያህል ወደ ላይ እንዲረዝም አድርገው አያያዙአቸው። ከዚህ የተነሣ የፔንዱለሙ ርዝመት በሙቀትም በብርድም ሳይለወጥ ቀረ።

ግን ሰዓቱ በእርግጥ ትክክለኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? በመንደራቸው ከእነርሱ ሰዓት የተሻለ ሌላ ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ ሐሪሰን ከሰው እጅ ሥራ ወደማይዛነፈው ሰዓት፣ ወደ ሰማይ ተመለከተ። በመስኮቱ ጠርዝና በጎረቤቱ ቤት የጢስ መውጫ መካከል አንድ መስመር አበጀ፤ በየሌሊቱም አንድ የታወቀ ኮከብ ከጢስ መውጫው ጀርባ የሚሰወርበትን ቅጽበት ጠበቀ። ኮከቡ በየዕለቱ በ3 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ቀድሞ መሰወር አለበት። ሰዓቱ ይህን ልዩነት በትክክል ካሳየ ደኅና ሠርቷል፤ ካላሳየ ግን ሰዓቱ እንጂ ኮከቡ አልተሳሳተም። በዚህ መንገድ ሲፈተኑ ወንድማማቾቹ የሠሯቸው ሰዓቶች በወር ውስጥ የሚሳሳቱት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዘመኑ ይህን ያህል የታመነ ሰዓት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ትክክለኛ ሰዓት ከመርከበኛ ሕይወት ጋር ምን ያገናኘዋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱን በገዛ ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ልታዩት ትችላላችሁ። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 360 ዲግሪ ትዞራለች። ይህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ ደግሞ 1 ዲግሪ መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን በወልድያ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ትከሉና ጥላው ከሁሉ ይበልጥ የሚያጥርበትን ቅጽበት ጠብቁ። ያ ቅጽበት የወልድያ እውነተኛ እኩለ ቀን ነው። ሰዓታችሁን ስትመለከቱ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል ይላል። ምክንያቱም የአገራችን ሰዓት የተቃናው ከወልድያ በስተምሥራቅ በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ስለ ሆነ ነው። 22 ደቂቃን ለ4 ብታካፍሉ አምስት ዲግሪ ተኩል ታገኛላችሁ። ይህን ከ45 ስትቀንሱ ወልድያ በ39 ዲግሪ ተኩል ኬንትሮስ አካባቢ እንደምትገኝ ትደርሱበታላችሁ፤ ካርታም የሚያሳየው ከዚሁ የቀረበ ነው።

ስለዚህ በአንድ የታወቀ ቦታ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚነግር የታመነ ሰዓት በእጁ ያለ ሰው፣ ፀሐይን አይቶ የራሱን ቦታ ኬንትሮስ ማወቅ ይችላል። ሰዓቱ በአንድ ደቂቃ ቢሳሳት ግን በእኛ አካባቢ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይስታል፤ ይህም በመኪና መንገድ ከወልድያ እስከ መርሳ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። በየብስ ላይ ያለ ሰው ሰዓት ባይኖረውም ሌላ ዘዴ አያጣም። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መሣሪያዎቹን በጽኑ መሬት ላይ አቁሞ የሰማይ አካላትን በመመልከት የከተማይቱን አቀማመጥ ለክቷል። በምትናወጥ መርከብ ላይ ያለ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ፔንዱለም ያለው ሰዓትም በማዕበል መካከል ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ከባድ ነበር። በ1707 በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቬል የሚመራ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ ያለበትን ቦታ በትክክል ሳያውቅ በሌሊት ሲጓዝ በሲሊ ደሴቶች አለቶች ላይ ወደቀ። አራት መርከቦች ሰጠሙ፤ አድሚራሉን ጨምሮ ከ1400 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ በባሕር ላይ ኬንትሮስን ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ጉዳዩን የሚመረምር ቦርድም አቋቋመ። ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ ላልበለጠ ዘዴ የተመደበው ሽልማት 20000 ፓውንድ ሲሆን በዚያ ዘመን ይህ አንድን ሰው እጅግ ባለጸጋ የሚያደርግ ገንዘብ ነበር። ግማሽ ዲግሪ በጊዜ ሲለካ 2 ደቂቃ ነው። ከእንግሊዝ ወደ ካሪቢያን ባሕር ደሴቶች የሚደረገው ጉዞ ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ሰዓቱ በቀን ከ3 ሴኮንድ በላይ መሳሳት የለበትም ማለት ነው። የዘመኑ የኪስ ሰዓቶች ግን በቀን አንድ ደቂቃ ያህል ቢሳሳቱ የሚያስደንቅ አልነበረም። ታላቁ ሊቅ አይዛክ ኒውተን እንኳ የመርከብ መናወጥና የሙቀት መለዋወጥ የማይበግረው ሰዓት እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዳልተሠራ ለፓርላማው ገልጾ ነበር።

ሐሪሰን በ1730 አካባቢ የሐሳቡን ንድፍ ይዞ ወደ ሎንዶን ሄደ። የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ኤድመንድ ሃሊ በመልካም ተቀበለውና ስመ ጥር ወደ ሆነው ሰዓት ሠሪ ወደ ጆርጅ ግራሃም ላከው። ግራሃም ሙያውን አስተውሎ ወለድ የማይከፈልበት ገንዘብ አበደረው። ሐሪሰንም ወደ መንደሩ ተመልሶ አምስት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1735 የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓት አጠናቀቀ። ሰዓቱ 34 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በፔንዱለም ፋንታ በሞላ የተያያዙ ሁለት ዘንጎች ነበሩት፤ ዘንጎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚወዛወዙ መርከቢቱ አንዱን ብታፈጥነው ሌላውን ታዘገየዋለች፤ በዚህም ስሕተቱ ይካካሳል።

በ1736 ሐሪሰን ሰዓቱን ይዞ በመርከብ ወደ ሊዝበን ተጓዘ። በመልስ ጉዞው ወደ እንግሊዝ አገር ሲቃረቡ መርከበኞቹ ያዩትን የባሕር ዳርቻ አንድ የሚያውቁት ቦታ ነው ብለው ደመደሙ። ሐሪሰን ግን በሰዓቱ አስልቶ ቦታው ሌላ እንደ ሆነ፣ ልዩነቱም ከ90 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ገለጸ፤ እርሱ ያለውም እውነት ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ሽልማቱን ለማግኘት ወዲያውኑ ወደ ካሪቢያን የሚደረገውን ፈተና በጠየቀ ነበር። ሐሪሰን ግን በ1737 ቦርዱ ፊት ቀርቦ የገዛ ሰዓቱን ጉድለት አስረዳ፤ የተሻለ ለመሥራት የሚያስችለው ገንዘብ እንዲሰጠውም ለመነ። ቦርዱ 500 ፓውንድ ፈቀደለት።

ሁለተኛው ሰዓት በ1739 ተሠርቶ አለቀ፤ ሆኖም ወደ ባሕር አልወጣም። ሐሪሰን መርከብ አቅጣጫዋን ስትለውጥ ዘንግ መሰል የሆኑት ተወዛዋዦች ከሥርዓታቸው እንደሚወጡ ስለ ደረሰበት ሥራውን ራሱ ጣለው። ወዲያው ዘንጎቹን በክብ መዘውሮች ተክቶ ሦስተኛውን ሰዓት ጀመረ። ይህ ሰዓት 19 ዓመት ፈጀበት። ሐሪሰን ለእርሱ ሲል ከፈለሰፋቸው ነገሮች ሁለቱ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የሚሠራው፣ በሙቀት የሚታጠፍ ስስ ዝርግ ሲሆን በብዙ ሙቀት ተቆጣጣሪ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ኩሽኔታ ከሚሉት አንዱ ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ ብልሃት ይዞም ሦስተኛው ሰዓት እንደተፈለገው አልሠራም።

እዚህ ላይ የሐሪሰን ሕይወት ትልቁ ውሳኔ ይመጣል። በ1753 ጆን ጄፍሪስ የተባለ ሰዓት ሠሪ በሐሪሰን ንድፍ መሠረት አንድ የኪስ ሰዓት ሠርቶለት ነበር። ሐሪሰን ይህች ትንሽ ሰዓት ከጠበቀው በላይ ታማኝ ሆና አገኛት። ምክንያቱንም መረመረ። ትልልቆቹ ሰዓቶቹ የሚወዛወዙት በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ የመርከብ መናወጥም እንዲሁ ቀስ ያለ ስለ ሆነ የሰዓቱን እንቅስቃሴ በቀላሉ ያውካል። በፍጥነት የሚመላለስ ትንሽ መዘውር ግን በራሱ ጉልበት ስለሚጸና የውጭው መናወጥ እምብዛም አይነካውም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዥዋዥዌ በትንሽ ግፊት ሲዛባ፣ በኃይል የሚሽከረከር እሽክርክሪት ግን ቢነኩትም ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አስቡ። ሐሪሰን ከሃያ ዓመት በላይ በትልልቅ ሰዓቶች ላይ ያፈሰሰው ድካም አላሰረውም። ዕድሜው ስድሳን አልፎ ሳለ መንገዱን ለውጦ አዲስ ጀመረ።

በ1759 አራተኛው ሰዓት አለቀ። ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ሲሆን በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታል። በ1761 ሐሪሰን 68 ዓመት ሞልቶት ስለ ነበር ልጁ ዊልያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። በጉዞው ላይ የመርከቢቱ ሰዎች ስሌትና ሰዓቱ ተለያዩ። ዊልያም ሰዓቱን አምኖ የማዴይራ ደሴቶች በማግስቱ እንደሚታዩ ተናገረ፤ በነጋውም ታዩ። ጃማይካ ሲደርሱ በሰዓቱ ላይ የተገኘው ስሕተት፣ አስቀድሞ የታወቀው የዕለት ልዩነቱ ሲታሰብ፣ 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር።

አስቀድሞ የታወቀ የዕለት ልዩነት የሚለውን ቃል በጥሞና አስተውሉ። በየቀኑ ሁልጊዜ እኩል ሁለት ሴኮንድ የሚዘገይ ሰዓት መልካም ሰዓት ነው፤ ሁለት ሴኮንዱን መደመር ቀላል ነውና። ዛሬ አንድ ሴኮንድ የሚፈጥን፣ ነገ ሁለት ሴኮንድ የሚዘገይ ሰዓት ግን ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም አይታመንም። ከሰዓት የሚፈለገው ዋናው ጠባይ ጽናት ነው።

ቦርዱ ግን ውጤቱ በአጋጣሚ የተገኘ ሊሆን ይችላል በማለት ሁለተኛ ፈተና አዘዘ። በ1764 ሰዓቱ ወደ ባርቤዶስ ተላከ። ከ47 ቀን በኋላ የተገኘው ስሕተት 39 ሴኮንድ ነበር፤ ይህም ሕጉ ከፈቀደው 2 ደቂቃ በሦስት እጅ ያነሰ ነው። ሐሪሰን አሁንም ሙሉ ሽልማቱን አላገኘም። በባርቤዶስ የደሴቲቱን ኬንትሮስ በሥነ ፈለክ የለካው ኔቪል ማስክላይን በ1765 የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆነ፤ በዚሁ ሹመቱም የቦርዱ አባል ለመሆን በቃ። ማስክላይን ኬንትሮስን ጨረቃ ከከዋክብት ባላት ርቀት ማስላት ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። ይህ ዘዴ ረጅም ስሌት የሚጠይቅ ቢሆንም ከንቱ አልነበረም፤ ለዚሁ ሥራ ከ1767 ጀምሮ በየዓመቱ የተዘጋጀው የሠንጠረዥ መጽሐፍ ብዙ መርከበኞችን ጠቅሟል። የቦርዱም ጥያቄ ሁሉ ክፋት አልነበረም። አንድ ሰው በልዩ ብልሃቱ አንድ ሰዓት ቢሠራ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ደግሞ ሊሠራው ካልቻለ ለመቶ መርከቦች ምን ይጠቅማል? የሐሪሰን ቅሬታም ሐሰት አልነበረም፤ ሕጉ የጠየቀውን ፈጽሞ ሳለ ሕጉ ተለውጦበታልና።

በ1765 በወጣው አዲስ ሕግ መሠረት ሐሪሰን ሰዓቱን በባለሙያዎች ፊት ፈታቶ ምሥጢሩን አስረዳ፤ የሽልማቱም ግማሽ ተሰጠው። ሰዓቶቹ ግን ከእጁ ተወስደው ወደ ግሪኒች ተጋዙ። አራተኛው ሰዓት እዚያ በማስክላይን ከተፈተነ በኋላ ሙሉ በሙሉ የማይታመን እንደ ሆነ ሪፖርት ቀረበበት። ሐሪሰን በዚህ አዝኖ ሳለ ላርከም ኬንዳል የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1769 የዚያኑ ሰዓት ትክክለኛ ቅጂ ሠርቶ አስረከበ። ካፒቴን ጄምስ ኩክ ይህን ቅጂ ይዞ ከ1772 እስከ 1775 ድረስ ከምድር ወገብ አካባቢ እስከ ደቡባዊው የበረዶ ባሕር ተጓዘ፤ ሰዓቱም በሙቀትም በብርድም ታማኝ መሪ እንደ ሆነለት መሰከረ። ሌላ ሰው ሊሠራው አይችልም የሚለው ጥርጣሬ በዚህ ተወገደ።

ሐሪሰን እስከዚያው አርፎ አልተቀመጠም። ወደ 80 ዓመት ሲቃረብ አምስተኛውን ሰዓት ሠራ። በ1772 ልጁ ወደ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ ሰዓቱን በገዛ ራሱ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ቤት ለአሥር ሳምንት አስፈተነው። ስሕተቱ በቀን የሴኮንድ ሲሶ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1773 ፓርላማው ራሱ 8750 ፓውንድ እንዲሰጠው ወሰነ። ሐሪሰን በማርች 24 ቀን 1776 በሎንዶን ከተማ በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ትልልቆቹ ሦስት ሰዓቶቹ ዛሬም በግሪኒች ይንቀሳቀሳሉ፤ አራተኛው እንዳያረጅ ሲባል ቆሞ ይጠበቃል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዓት ሠሪዎች ሥራውን አቅልለው ዋጋውን ስለ ቀነሱት፣ በ1831 ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ የተነሣችው መርከብ ቢግል 22 የባሕር ሰዓቶች ለመጫን ችላለች። ሰዓቶቹን እርስ በርሳቸው በማስተያየት ከመካከላቸው የተዛባውን ለይቶ ማወቅ ተቻለ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በኮምፒዩተር ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚመራው ፕሮግራም ስርዓተ ክወና ይባላል፤ የእርሱም ዋና አካል ከርነል ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሥራ ጊዜ ያከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍና መልእክት ላይም ጊዜ ይመዘግባል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ቢዘልበት ኋላ የተፈጸመው ነገር ቀድሞ የተፈጸመ ይመስላል፤ በባንክ መዝገብ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢገባ የሚያስከትለውን ጉዳት ገምቱ።

በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ሰዓት አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው በትንሽ ባትሪ የሚሠራው፣ በሴኮንድ 32768 ጊዜ በሚርገበገብ የኳርትዝ ድንጋይ የሚመራው ነው። ይህ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶም ይቆጥራል፤ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ብዙ ዓመት ያለፈበትን ቀን የሚያሳየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በሴኮንድ 1193182 ጊዜ የሚቆጥረው የጥንቱ ቆጣሪ ነው። ሦስተኛው በሴኮንድ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ ያላነሰ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ከፕሮሰሰሩ ውጭ ስለሚገኝ እስኪነበብ ድረስ ፕሮሰሰሩን ያስጠብቀዋል። አራተኛው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ሲሆን በሴኮንድ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይቆጥራል፤ ሲነበብም ከሁሉ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ቆጣሪ ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲዘገይ አብሮ ይዘገይ፣ ሲተኛም ይቆም ነበር።

ታዲያ ከርነሉ የትኛውን ይመርጣል? በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ የተባለው ከርነል ፈጣኑን ቆጣሪ ያስቀድማል፤ ግን በጭፍን አያምነውም። ጽኑነቱ ባልተረጋገጠ ኮምፒዩተር ላይ በየጊዜው ከሌላ ቆጣሪ ጋር ያስተያየዋል። ልዩነቱ ከወሰን ካለፈ የማይታመን ብሎ ይመዘግበዋል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ወደ ጸናው ቆጣሪ ይመለሳል። ይህ ሐሪሰን ሰዓቱን ከኮከቡ ጋር ካስተያየበት ሥራ በምን ይለያል? በኋለኞቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ መሐንዲሶች ቆጣሪው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ቢለዋወጥም በማይለወጥ እርምጃ እንዲቆጥር አድርገዋል፤ ሐሪሰንም የሙቀት መለዋወጥ እንዳይነካው ብሎ ናስና አረብ ብረት ያዋሐደው ለዚሁ ዓላማ ነበር። በፍጥነት የሚርገበገብ ትንሽ ነገር ቀስ ብሎ ከሚወዛወዝ ትልቅ ነገር ይልቅ ጽኑ ሰዓት እንደሚሆንም የኳርትዙ ድንጋይ ዛሬ ይመሰክራል። በተራ የኳርትዝ ድንጋይ ላይ የሚፈቀደው ስሕተት በቀን እስከ 1.7 ሴኮንድ ይደርሳል፤ የአናጢው አራተኛ ሰዓት ግን ወደ ባርቤዶስ ሲጓዝ በማዕበል ላይ ሆኖ በቀን አንድ ሴኮንድ እንኳ አልተሳሳተም።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩባችሁ ያማረውን ወይም የትልቅ ሰው የሆነውን አትምረጡ። ሁለቱንም ከሦስተኛ ጋር፣ ከተቻለም ከፀሐይና ከከዋክብት ጋር፣ ለብዙ ቀናት አስተያዩ፤ የእያንዳንዱን የዕለት ልዩነት ጻፉ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ የማይዋዥቀውን እመኑ። ሐሪሰን የሌሎችን ፍርድ ሳይጠብቅ የገዛ ሥራውን በዚህ መንገድ ይመዝን ነበር፤ የ19 ዓመት ድካሙ ጎድሎ ባገኘው ጊዜም ከመጣል ወደ ኋላ አላለም። ከዚያ በኋላ በሰላም ወደ ወደባቸው የተመለሱ መርከበኞች ለመመለሳቸው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ውሳኔ ነው።